ፍራሹን የሚተኛበት ሰው ይምረጠው



በዚህ አምድ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ልጆች ክትባት ስጽፍ ማንም አይገርመውም። ስለ ፍራሽ ስጽፍ ግን «ሲስተር ደግሞ ንግድ ጀመረች እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሰው ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። ጉልበቱ የከዳው አዛውንት ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ነገሩ የጤና ጉዳይ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ከኪሱ ከሚያወጣቸው ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ነው።

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ፍራሽ ሲሆኑ፣ ሦስቱም የሚያነሡት ሻጮች «ሃይብሪድ» የሚሉትን ነው። የአንደኛዋ እናት ልጅ ከውጭ አገር ፎቶ ልካ «እማዬ፣ እንዲህ ዓይነቱን ፈልጊና ግዢ፤ ገንዘቡን እልካለሁ» ብላቸዋለች። ሌላው አባት «ለወገብ ጠንካራው ነው ወይስ ለስላሳው?» ይላሉ። ሦስተኛዋ ወጣት እናት ናት፤ አዲሱ ፍራሽ ላይ የአራት ወር ልጇን ማስተኛት ትችል እንደሆነ ትጠይቃለች። ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ሃይብሪድ እንደ መኪናው ሁሉ ሁለት ነገር ተዳብሎ የተሠራ ማለት ነው። ከታች ሞላ አለ፤ ከላይ ደግሞ ወፈር ያለ ስፖንጅ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ተደርቧል። በቀድሞዎቹ ስፕሪንግ ፍራሾች ሞላዎቹ በሽቦ እርስ በርስ ስለተያያዙ አንዱን ሲጫኑት ጎረቤቱን ይዞት ይወርዳል። ባልየው ሲገላበጥ ሚስት አብራ የምትናጠው ለዚህ ነው። በደህናዎቹ ሃይብሪዶች ግን እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ተሰፍቶ ለብቻው ይወርዳል፣ ለብቻው ይነሣል። ስለዚህ ትከሻና ዳሌ ባሉበት ዝቅ ሲል ወገብ ባለበት ቀና ብሎ ይደግፋል። የላይኛው ድርብ ተራ ስፖንጅ፣ ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ ላቴክስ ወይም ሜሞሪ ፎም ሊሆን ይችላል። ሜሞሪ ፎም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ ተብሎ የተፈለሰፈ፣ የሰውነትን ሙቀትና ክብደት ተከትሎ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ስፖንጅ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ታምር የለበትም፤ መድኃኒትም አይደለም። አያቶቻችን መደብ ላይ ጀንዲ አንጥፈው፣ ሲሻሻልም በጠፍር አልጋ ላይ ተኝተዋል። የጥጥ ፍራሽ የነበረው ሰው ጥጡ ሲጓጉል አውጥቶ፣ ፀሐይ አስመትቶና አስነድፎ እንደገና ይሞላው ነበር። እኔ ያደግሁት በዚያ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ሁሉ ይሻላል የሚል እምነት የለኝም። ሃይብሪድ በትክክል ለተመረጠለት ሰው ግን በእርግጥ ጎን ያሳርፋል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው የሚተኛበት ሰው አለመሆኑ ነው።

«ለወገብ ጠንካራ ፍራሽ» የሚለውን ምክር የማያውቅ የለም። ሐኪም ቤትም ይነገር ነበር፤ ፍራሹን አውርደው ጣውላ ላይ የተኙ ሰዎችን አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥሩ ጥናት የተሠራው ስፔን ውስጥ ነው። ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ይህ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለገሚሱ ጠንካራ፣ ለገሚሱ መካከለኛ ፍራሽ ሰጠ። ማን የትኛው እንደደረሰው ለራሱ ለሕመምተኛውም አልተነገረውም። ከ90 ቀናት በኋላ ሲታይ ተኝተው ሳሉም ሆነ ከአልጋ ሲነሡ ሕመማቸው የበለጠ የቀነሰላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው። ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ፍራሽ ትከሻና ዳሌን ወደ ላይ እየገፋ ወገብን አየር ላይ ይተወዋል፤ በጣም የለሰለሰው ደግሞ እንደረገበ ጠፍር አልጋ መሐሉን ያጎደጉደዋል። ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ የወገብ ጡንቻን ያሠሩታል።

በፍራሹ ላይ «ኦርቶፔዲክ» ተብሎ የተለጠፈው ጽሑፍ የሐኪም ማዘዣ እንዳይመስላችሁ። የሻጩ ቃል ነው።

ታዲያ መካከለኛ የሚባለው የትኛው ነው? ይኼ ነው የፍራሽ ምርጫ ዋናው ቁም ነገር፦ መካከለኛነት ያለው በፍራሹ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሚተኛበት ሰው ክብደትም ጭምር ነው። 85 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሱቅ ሄዶ ጋደም ይልና «ይኼ ይመቻል፣ ለእማዬ ይሁን» ብሎ ይከፍላል። እናቱ ግን 48 ኪሎ ናቸው። እሱን የተቀበለው ሞላ ለእሳቸው ጎንበስም አይል፤ ጣውላ ይሆንባቸዋል። በተቃራኒውም ቀጭን ልጅ የመረጠችው ለስላሳ ፍራሽ ከበድ ያሉትን አባቷን ዋጥ ያደርጋቸዋል። የሰውነት ክብደታቸው በጣም ለሚለያይ ባልና ሚስት አንድ ባለ ሜትር ከሰማንያ ከመግዛት ሁለት ባለ 90 ጎን ለጎን አንድ አልጋ ላይ ማድረግ ይሻላል እላለሁ። እንደ ልማዳችን ደስ ላይል ይችላል፤ አንድ አንሶላ ሲለብስ ግን ማንም አያውቅም።

ስለዚህ እናትየው ራሳቸው ይሂዱ። ሱቅ ገብቶ ፍራሹን በእጅ ጫን ጫን ማድረግ ምርጫ አይደለም፤ እጅ ወገብ የለውም። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ከአምራቹ ለመቶ ሌሊት ያህል ተኝተው ሞክረው ካልተስማማቸው የሚመልሱበት አሠራር አላቸው። እኛ ዘንድ ግን ፍራሹ ከፕላስቲኩ ከወጣና ቤት ከገባ በኋላ የሚቀበላችሁ ነጋዴ ማግኘት ዘበት ነው። ሙከራው ሱቁ ውስጥ ማለቅ አለበት። «ሰው ፊት እንዴት እጋደማለሁ?» የሚል ይሉኝታ እንዳለ አውቃለሁ፤ በተለይ ለእናቶች። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሱቁ ጭር ሲል ሂዱ፤ ነጠላ ያዙና እግራቸው ላይ ጣል አድርጉላቸው። ጫማና ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ቤታቸው በሚተኙበት አኳኋን ቢያንስ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይጋደሙ። ጥሩ ነጋዴ ይህን አይከለክልም፤ የሚከለክል ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

በጎናቸው ሲተኙ አንድ ሰው ከጀርባቸው ቆሞ ከአንገት እስከ ወገብ ታች ያለውን መስመር ይመልከት። መስመሩ ወደ ቀጥታ ከቀረበ ደህና ነው። በጀርባቸው ሲጋደሙ ደግሞ መዳፋችሁን በወገባቸውና በፍራሹ መካከል አስገቡ። እጃችሁ ያለ ምንም ከልካይ ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ፍራሹ ለእሳቸው ጠንካራ ነው፤ ጨርሶ አልገባም ካለ ሰምጠዋል ማለት ነው። ጠበብ ብሎት ግን ካለፈ ያ ነው የምንፈልገው።

ከዚያ ሁሉም የሚረሳው ፈተና ይመጣል፦ መነሣት። በጎናቸው ዞረው፣ እግራቸውን ከፍራሹ አውርደው፣ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ይበሉ። ይህን ያለ ሰው እርዳታ ካልቻሉ ፍራሹ የቱንም ያህል ቢመች አይሆናቸውም። በተለይ የላይኛው የሜሞሪ ፎም ድርብ በጣም ወፍራም ከሆነ ሰውነት ተቀብሮ መገላበጥ ያስቸግራል። የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው፣ ፓርኪንሰን ለያዛቸው፣ ወይም ስትሮክ አንድ ጎናቸውን ላደከመባቸው ሰዎች ይህ ሌሊቱን ሙሉ ትግል ነው። ቀና ካሉ በኋላም ጫማቸውን ሊያደርጉ እንደሆነ ሁሉ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ። ጠርዙ ተደፍቶ ወደ ፊት ካንሸራተታቸው ቤት ውስጥም ያንኑ ያደርጋል። ደህና የተሠራ ሃይብሪድ ዙሪያውን በጠንከር ያለ ሞላ ወይም ስፖንጅ ይታጠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ብርድ ላንሳ። ሜሞሪ ፎም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ቀትር ላይ በሞቀ ሱቅ ውስጥ ለስላሳ የነበረው፣ በክረምት ሌሊት አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ውስጥ መጀመሪያ ሲተኙበት ደረቅ ይላል፤ ቀስ በቀስ ሰውነት ሲያሞቀው ይለሰልሳል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ደግሞ ችግሩ ሙቀት አምቆ መያዙ ነው። እዚያ ላሉ አንባብያን ሙሉ በሙሉ ከስፖንጅ ከተሠራው ይልቅ በሞላዎቹ መካከል አየር የሚዘዋወርበት ሃይብሪድ ይሻላል፤ የላይኛው ድርብ ሳሳ ያለ ይሁን።

አሁን ወደ ቁመት ልምጣ፤ በዚህ ላይ ቆየት ብል ይቅርታ አድርጉልኝ። በሰፈራችን አንዲት የ74 ዓመት እናት አሉ። ልጆቻቸው እዚህ ያሉትም ውጭ ያሉትም አዋጥተው፣ ለበዓል 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሃይብሪድ ገዙላቸው። እውነትም ያማረ ፍራሽ ነው። የተቀመጠው ግን በድሮው የእንጨት አልጋቸው ላይ ነበር፤ የአልጋው ርብራብ ብቻውን ከመሬት 38 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ደምሩት፤ 68 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እሳቸው ቁመታቸው አጭር ነው። ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ይንጠለጠላል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ሲወርዱ እግራቸው ወለሉን በጭለማ ይፈልገዋል፤ አንድ ቀን ተንሸራተው በቁጢጥ አረፉ። እግዚአብሔር አተረፋቸው። ለማንም ግን አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ሲሄዱ ሰሌናቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ብርድ ልብስ ደርበው መተኛት ጀመሩ፤ ጠዋት ጠቅልለው ከአልጋው ሥር ይደብቁታል።

የደም ግፊታቸውን ልለካ ስሄድ ነው ሰሌኑን ያየሁት። «ምነው እትዬ?» ብላቸው፣ «ተይኝ ሲስተር፣ ልጆቼ ያን ሁሉ ብር አውጥተው ተመቸኝ እንዳልል ነው? ይከፋቸዋል» አሉኝ።

ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ወላጆቻችን የልጅ ስጦታ አይነቅፉም። «ተመቸኝ፣ ተባረኩ» ይላሉ፤ ያ ግን መልስ አይደለም። ጠዋት ቀድማችሁ ገብታችሁ የት እንደተኙ እዩ። አንሶላው ያልተጨማደደ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

የዳሌ አጥንት ስብራት በአዛውንት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ዋርድ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ቀዶ ሕክምና ብቻ አይደለም፤ ተኝቶ መቅረት፣ የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስልና እግር ውስጥ የሚረጋ ደም ይከተሉታል። ብዙዎች ቀድሞ ወደሚራመዱበት አይመለሱም። ስለዚህ ፍራሹን ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይርገጡ፤ ጉልበት በቀኝ ማዕዘን ይታጠፍ፤ ቢበዛ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ይበል። ለአብዛኞቹ እናቶቻችን ይህ ከወለል እስከ ፍራሹ ላይ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በጣም ዝቅ ያለውም ጥሩ አይደለም፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው ከዚያ መነሣት አይችልም።

ለእትዬ ያደረግነው ቀላል ነው። አናጢ ተጠራና የአልጋው አራት እግር 18 ሴንቲ ሜትር በመጋዝ ተቆረጠ። ከፍራሹ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የአናጢው ከምንም አይቆጠርም። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድም ተጠረገና ትንሽ የሌሊት መብራት ተደረገ። ሰሌኑ ወደ ማዕድ ቤት ተመልሷል።

አልጋውን ካነሣን፣ ሃይብሪድ የረገበ የሽቦ አልጋ ላይ ከተቀመጠ ገንዘባችሁ ባክኗል። ፍራሹ የሚደግፈው እሱ ራሱ ሲደገፍ ነው። የእንጨት ርብራብ ከሆነ በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ለሰፋፊ አልጋ ደግሞ መሐሉ ላይ ተጨማሪ እግር ቢኖረው ጥሩ ነው። በቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ማንጠፍ ሥሩን ያሻግተዋል፤ በተለይ በክረምት።

ፕላስቲኩን አንሡት! ብዙ ቤት አዲስ ፍራሽ «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ ፋብሪካው የጠቀለለበት ፕላስቲክ ሳይወልቅ ለዓመታት ይተኛበታል። ላብ መውጫ ያጣል፣ ቆዳ ይርሳል፣ አንሶላው ይንሸራተታል፣ ሲገላበጡ ይንኮሻኮሻል። ሽንት የማይቋጥር ልጅ ወይም አዛውንት ካለ ውሃ የማያሳልፍ ስስ የፍራሽ ልብስ ከጥጥ አንሶላ ሥር ይደረጋል። አዲሱ ፍራሽ ሽታ ካለውም መስኮት ከፍቶ ለአንድ ሁለት ቀን ማናፈስ ነው።

ሻጩ «ዴንሲቲው 30 ነው» ቢላችሁ አትደናገጡ። አንድ ሜትር ኩብ የሚሆን ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ ስለ ጥንካሬና ልስላሴ አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ዕድሜ ነው። ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩትን ስታወዳድሩ፣ ከበድ ያለው ስፖንጅ ቶሎ አይጎደጉድም። ሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ስትገዙ በሚዛን ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ ሜትር ከሃያ፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ የሆነ ፍራሽ ዴንሲቲው 30 ከሆነ ስፖንጁ ብቻ ወደ 14 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በሃይብሪድ ግን የብረቱ ክብደት ስለሚገባበት ይህ ሚዛን አይሠራም። ውስጡን የሚያሳይ የተቆረጠ ናሙና ካላቸው ጠይቁና እዩ። ጨርቁ አምሮ ውስጡ ከተቆራረጠ ስፖንጅ የተጣበቀ ወይም ካሮጌ ፍራሽ የተዛወረ እንዳይሆን። ካሮጌ ፍራሽ ጋር ትኋን እንደሚገባ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም።

ወጣቷን እናት የምመልሳት ያለ ማመንታት ነው፦ አይሆንም። ትልቅ ሰው የሚመቸው ለስላሳ ድርብ ለሕፃን አደጋ ነው። የአራት ወር ልጅ በሆዱ ከተገለበጠ ወይም ፊቱ ወደ ስፖንጁ ከዞረ ራሱን ቀና አድርጎ መተንፈሻ ማስለቀቅ ላይችል ይችላል። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚተኛበት ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ፣ ሲነሣ የሰውነቱ ቅርጽ ታትሞ የማይቀርበት መሆን አለበት፤ ያለ ትራስ፣ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሁልጊዜ በጀርባው። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናትን በሆዳቸው አታስተኙ ብለው መምከር ከጀመሩና በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ከተደረገ ወዲህ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። አያቶች ሆይ፣ «እኛ እናንተን በሆዳችሁ አስተኝተን አሳድገናል» የምትሉትን እሰማለሁ። ልክ ናችሁ፤ የተረፉት ናቸው ግን የሚመሰክሩት።

እኛ ዘንድ ልጅ ከእናቱ ጎን እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ ጡት ለማጥባትም ይመቻል። ከተቻለ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ የራሱ ጠንከር ያለ መኝታ ይኑረው። ካልተቻለ ከባድ ብርድ ልብስ አይልበስ፣ ትራስ አጠገቡ አይኑር፣ በሁለት ሰው መካከል አይደረግ፤ አልኮል የቀመሰ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ ሰው አጠገቡ አይተኛ። ሶፋ ላይ ግን ፈጽሞ።

ከአልጋ የማይነሣ ሕመምተኛ ያለባችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ውድ ፍራሽ ገዝታችሁ እንዳትዘናጉ። የመኝታ ቁስልን የሚከላከለው በዋናነት የሰው እጅ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጧቸው፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ባታቸው ሥር ትራስ አድርጉ። ሲታጠቡ የወገብ ታች፣ የዳሌና የተረከዝ ቆዳቸውን እዩ። መጻሕፍቱ «መቅላት» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ከአካባቢው ይበልጥ የጠቆረ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ሲነካ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የሚያም ቦታ ካለ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ዳግመኛ አይጫን፤ ባለሙያም ይየው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይበልጥብኛል። የወገብ ሕመም ሁሉ የፍራሽ ጥፋት አይደለም። ፍራሹን መጠርጠር ያለባችሁ ጠዋት ስትነሡ የተያያዘው ወገብ ወጣ ገባ ስትሉ ከተፈታ፣ ሌላ ቤት ስታድሩ ደግሞ ከተሻላችሁ ነው። ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ በየትኛውም ጎን ቢዞሩ የማይለቅ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ማምሻውን ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ከተጨመረ ፍራሽ ፍለጋ መርካቶ መሄድ ትታችሁ ጤና ተቋም ሂዱ። በአገራችን ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አከርካሪንም ይበላል። የሚያስለው ሰው ቶሎ ይጠረጠራል፤ ወገቡን ያመመው ግን መታሻ ቤትና ፍራሽ ሱቅ ሲመላለስ ወራት ይፈጃል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከዘገየ ግን አከርካሪው ጎብጦ እግር ሽባ ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል የጡት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር የታከመ ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ከያዘውም ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እግር መድከም ወይም መደንዘዝ፣ በጭን መካከል ስሜት ማጣት፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልቋጥር ማለት ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።

አዲሱ ፍራሽ ሲመጣ አሮጌው ወዴት ይሄዳል? በብዙ ቤት መሐሉ የጎደጎደው ፍራሽ ለቤት ሠራተኛዋ ይሰጣል። ውኃ የምትቀዳው፣ ልብስ የምታጥበው፣ አያትየውን ደግፋ የምታስነሣው እሷ ናት፤ በቤቱ ውስጥ ወገቧ በጣም የሚደክመው የእሷ ነው። ለእናታችሁ ፍራሽ ስታስቡ ለእሷም ቀጥ ያለ፣ ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ በዚያው ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

ስለ አያያዝ ደግሞ፣ በገዛችሁበት ቀን ጥጉ ላይ ወሩንና ዓመቱን በእስክሪብቶ ጻፉ። እንደ ጥጥ ፍራሽ ተገልብጦ አይተኛበትም፤ የሃይብሪድ ፊቱ አንድ ነው። በየሦስትና በየአራት ወሩ ግን ራስጌው ወደ ግርጌ፣ ግርጌው ወደ ራስጌ ይዙር። ቀን መቁጠር ለሚረሳው ሰው እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ፣ ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ሁለቱ ዒዶች ቤት የሚጸዳባቸው ቀኖች ስለሆኑ ያስታውሳሉ። ከባድ ነው፤ ሁለት ጎልማሶች ይያዙት። አያትየው ከዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ወዴት እንደሚዞር ይዘዙ።